የአጥንት ሴሎች ደም አፈጣጠርን እንዴት ይመራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ደም ማነስ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ምግብ ይዞራል። ጉበት ብላ፣ ቀይ ሥር ጠጪ፣ አብሽ እንዳትረሱ። ደሙ የሚሠራበት ቦታ ግን ብዙም አይነሳም። ቦታው አጥንት ውስጥ መሆኑን የሚያውቁ ሰዎችም አጥንቱን ዝም ብሎ መያዣ አድርገው ነው የሚያስቡት። ለካ መያዣው ራሱ በሥራው ውስጥ እጁን አስገብቷል።

መልሶቹ እኩል አይረዝሙም። አንዳንዱ ጥያቄ ሰፊ ነው፣ አንዳንዱ በጥቂት መስመር ያልቃል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደም በትክክል የሚሠራው የት ነው?

መቅኔ ውስጥ ነው። መቅኔ ማለት በአጥንት ውስጥ ያለው ለስላሳ ነገር ነው። ጠንካራው አጥንት ራሱ ደም አይሠራም። ግን ጠንካራው ክፍል ከውጭ የከበበ ግድግዳ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎድን፣ አከርካሪና ዳሌ ውስጥ ቀጫጭን የአጥንት ዘንጎች ወዲህና ወዲያ ተጠላልፈዋል። ተቆርጦ ሲታይ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። መቅኔው የሚሞላው እነዚህን ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ ደም የሚሠሩት ሴሎች ከአጥንት ብዙም ርቀው አይገኙም።

ሕፃን ሲወለድ መቅኔው በሙሉ ማለት ይቻላል ቀይ ነው፤ ሁሉም ደም ይሠራል። ዕድሜ ሲጨምር የእጅና የእግር ረጃጅም አጥንቶች መቅኔ ቀስ በቀስ ወደ ስብ ይለወጣል። አዋቂ ሰው ላይ ደም የሚሠራው በዋናነት በዳሌ፣ በአከርካሪ፣ በጎድን፣ በደረት አጥንት፣ በራስ ቅል፣ እንዲሁም በጭንና በክንድ አጥንት የላይኛው ጫፍ ነው። በማኅፀን ሳለን ደግሞ ዋናው ደም ሠሪ ጉበት ነበር። መቅኔው ሥራውን የሚረከበው አጥንቱ ተሠርቶ ውስጡ ክፍት ቦታ ካገኘ በኋላ ነው።

የሥራው ብዛት ያስደነግጣል። ጤነኛ አዋቂ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴል ይሠራል። አንዱ ቀይ ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ነው ዕድሜው። ኢንፌክሽን የሚዋጋው ኒውትሮፊል ደግሞ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። በእንዲህ ያለ ፍጥነት የሚሠራ ነገር መሪ ያስፈልገዋል።

ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚታወቀው?

ከ1868 ጀምሮ። በዚያው ዓመት ኤርንስት ኖይማን በኮኒግስበርግ፣ ጁሊዮ ቢዞዜሮ ደግሞ በጣሊያን፣ ደም በመቅኔ ውስጥ እንደሚሠራ ለየብቻቸው አሳዩ። ከዚያ በፊት መቅኔን ከደም ጋር የሚያገናኘው ሐኪም ብዙም አልነበረም።

የአጥንት ሴሎች የሚባሉት እነማን ናቸው?

ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ኦስቲዮብላስት አጥንት የሚገነባው ነው። በአጥንቱ ገጽ ላይ ተደርድሮ ፕሮቲን ያነጥፋል፤ ከዚያ ካልሲየምና ፎስፌት ይገባበትና ይጠነክራል። ኦስቲዮሳይት ያው ኦስቲዮብላስቱ ነው፤ ሲገነባ ሲገነባ ራሱ በሠራው አጥንት ውስጥ ተቀብሮ የቀረው። ከአጥንት ሴሎች ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው እሱ ነው። በአንድ አዋቂ አፅም ውስጥ 42 ቢሊዮን ያህል እንዳሉ ተገምቷል። ሦስተኛው ኦስቲዮክላስት ነው፤ ያረጀ አጥንት እያሟሟ የሚበላ፣ ብዙ ኒውክለስ ያለው ግዙፍ ሴል።

ኦስቲዮክላስት ከሁለቱ ጋር ዘመድ አይደለም። የሚወለደው ከደም ወገን ነው፤ ሞኖሳይት የሚባለውን ነጭ የደም ሴል ከሚያስገኘው ዘር። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ታች ትፈለጋለች።

ስቴም ሴል የሚባለውስ?

የደም ሴል ሁሉ እናት ናት። ቀዩም፣ ነጩም፣ ፕላትሌቱም ከእሷ ይወርዳል። በ1961 ቶሮንቶ ውስጥ ጄምስ ቲልና ኧርነስት መኩሎክ መቅኔያቸው በጨረር የተገደለ አይጦችን ወስደው ጤነኛ መቅኔ ወጉላቸው። ከቀናት በኋላ በአይጦቹ ጣፊያ ላይ ትንንሽ እብጠቶች በቀሉ። እያንዳንዱ እብጠት የመጣው ከአንዲት ሴል ነበር። ለደም ስቴም ሴል ጥናት መሠረት የጣለው ይህ ሙከራ ነው።

ስቴም ሴል ብዙ ጊዜዋን የምታሳልፈው አርፋ ነው። ሁልጊዜ ብትከፋፈል ትደክማለች፣ ስህተትም ታከማቻለች። ጭራሽ ባትከፋፈል ደግሞ ደም ያልቃል። መቼ ትረፍ? መቼ ትሥራ? ይህን ከዙሪያዋ ካሉት ሴሎች ትሰማለች። የአጥንት ሴሎች ወደ ታሪኩ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

አንዱ ሴል ሌላውን እንዴት ነው የሚያዘው?

በሞለኪውል። አንዳንዱ መልእክት ሴልና ሴል ሲነካኩ ይተላለፋል፤ አንዳንዱ ተመንጭቶ ይሄዳል።

ዋና ዋናዎቹን ልጥቀስ። ሲኤክስሲኤል 12 የሚባለው ፕሮቲን ስቴም ሴሎችን እየሳበ መቅኔው ውስጥ ያቆያቸዋል። እሱ ሲቀንስ ሴሎቹ ከመቅኔ እየለቀቁ ወደ ደም ሥር ይወጣሉ። ኤስሲኤፍ የሚባለው በሕይወት ያቆያቸዋል። ኢንተርሉኪን 7 ደግሞ ቢ ሊምፎሳይት፣ ማለትም በኋላ አንቲቦዲ የሚያመርተው ነጭ ሴል፣ ገና በልጅነቱ እንዲያድግ ያስፈልገዋል። ኦስቲዮፖንቲን የሚባለው የአጥንት ፕሮቲን በተቃራኒው ልጓም ነው፤ ስቴም ሴሎች ከልክ በላይ እንዳይበዙ ይይዛል። ይህም በ2005 በአይጥ ታይቷል።

ካልሲየምም አለ። ኦስቲዮክላስት አጥንት ሲበላ በዚያ አካባቢ ካልሲየም ከፍ ይላል። ስቴም ሴሎች ካልሲየም የሚያሸቱበት መቀበያ አላቸው። በ2006 ይህ መቀበያ የሌላቸው አይጦች ሲጠኑ፣ ስቴም ሴሎቻቸው አጥንቱ አጠገብ ሄደው መቀመጥ አቃታቸው። እኔ በግሌ በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የምወደው ግኝት ይሄ ነው። አጥንቱ ስቴም ሴሎቹን በማዕድኑም ጭምር ይጠራቸዋል ማለት ነው።

የአጥንት ሴሎች ሚና እንዴት ታወቀ?

ይህ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ሳይንቲስቶቹ አንዴ ብለውት ያለቀ ነገር አይደለም። ተከራክረውበታል፣ አሁንም ይከራከራሉ።

በ1978 ማንቸስተር ይሠሩ የነበሩት ሬይ ስኮፊልድ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ከጣፊያ የተወሰዱት ሴሎች ከመቅኔ እንደተወሰዱት ዘላቂ አልነበሩም። ስለዚህ፣ አሉ ስኮፊልድ፣ መቅኔ ውስጥ ስቴም ሴልን ስቴም ሴል አድርጎ የሚያቆያት ልዩ ማደሪያ አለ። ከማደሪያዋ ከወጣች ወደ ተራ የደም ሴልነት ትሄዳለች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ማደሪያው ማን እንደሆነ ግን ለረጅም ጊዜ አልታወቀም።

በ1994 ከሰው የተወሰዱ ኦስቲዮብላስቶች በላብራቶሪ ሳህን ላይ የደም ሴሎችን ማሳደግ እንደሚችሉ ታየ። ከዚያ 2003 መጣ። በአንድ ጊዜ ሁለት ጥናቶች ታተሙ፤ አንዱ ከቦስተን፣ አንዱ ከካንሳስ ሲቲ። የቦስተኖቹ በአይጥ ኦስቲዮብላስት ላይ የፓራታይሮይድ ሆርሞን (የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠር ሆርሞን ነው) መቀበያን ሁልጊዜ ክፍት አደረጉት። ኦስቲዮብላስቶቹ በዙ፤ ስቴም ሴሎቹም አብረው በዙ። የካንሳስ ሲቲዎቹ በሌላ ጂን ተነሥተው እዚያው ደረሱ። ደስታው ትልቅ ነበር። ማደሪያው ተገኘ ተባለ፤ ኦስቲዮብላስት ነው።

በ2004 ደግሞ ተቃራኒው ተሞከረ። አይጦች ላይ መድኃኒት ሲሰጥ ኦስቲዮብላስታቸው ብቻ እንዲሞት ተደረገ። መቅኔው ተራቆተ። ጣፊያና ጉበት የድሮ ሥራቸውን አንስተው ደም መሥራት ጀመሩ። መድኃኒቱ ሲቆም ኦስቲዮብላስቱ ተመለሰ፣ ደም ሥራውም ወደ መቅኔው ተመለሰ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ግን ጉዳዩ አላለቀም። በ2005 በሚሺጋን የሾን ሞሪሰን ቡድን ስቴም ሴሎችን በትክክል የሚለይ ምልክት አገኘና ቦታቸውን አየ። ብዙዎቹ የተቀመጡት በቀጫጭን የደም ሥሮች ዙሪያ ነበር እንጂ አጥንቱ ገጽ ላይ አልነበረም። በ2012 እና በ2013 ያው ቡድን ሌሎች ሙከራዎች ጨመረ። ኤስሲኤፍን ከኦስቲዮብላስት ቢያጠፉት ስቴም ሴሎቹ ምንም አልሆኑም። ከደም ሥር ግድግዳና በዙሪያው ካሉት ሴሎች ሲያጠፉት ግን ስቴም ሴሎቹ አለቁ። ሲኤክስሲኤል 12ን ከኦስቲዮብላስት ሲያጠፉት ደግሞ የተጎዱት ስቴም ሴሎቹ ሳይሆኑ ገና ጀማሪ የሆኑት ሊምፎሳይቶች ነበሩ።

ታዲያ ማን ነው ትክክል?

የኔን አስተያየት ልንገራችሁ። የ2003ቱ ምልከታ ልክ ነበር፤ ትርጓሜው ግን ከተገባው በላይ ተለጠጠ። ኦስቲዮብላስት ሲበዛ ወይም ሲጠፋ ደም ይለወጣል፣ ይህን ማንም አይክድም። ግን ስቴም ሴልን በቀጥታ የሚይዘው ዋናው እጅ በደም ሥር ዙሪያ ያሉት ሴሎች ናቸው። የኦስቲዮብላስት ቀጥተኛ ድርሻ ይበልጥ የሚታየው በሊምፎሳይት ልጅነት ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን የሚያጣፍጠው። በ2014 እንደታየው፣ እነዚያ በደም ሥር ዙሪያ ያሉት ሴሎች አዋቂ አይጥ ላይ የኦስቲዮብላስት ዋና ምንጭ ናቸው። ማለትም ስቴም ሴሏን የሚጠብቃት ሴል የአጥንት ገንቢው እናት ነው። የመቅኔ ስብ ሴልም ከዚያው ይወለዳል። ስለዚህ «አጥንት ነው ወይስ ደም ሥር?» ብሎ መጨቃጨቅ አንድን ቤተሰብ ለሁለት መክፈል ይመስለኛል። በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ በአብዛኛው የአይጥ ጥናት ነው። የአይጥ አጥንት ትንሽ ነው፤ ሁሉም ነገር ለአጥንት ቅርብ ነው። ወደ ሰው ሲመጣ ቀስ ማለት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ የፓራታይሮይድ ሆርሞን አይጦች ላይ የመቅኔ ንቅለ ተከላን አግዟል። ከእትብት ደም ንቅለ ተከላ በኋላ ሰዎች ላይ ሲሞከር ግን የተጠበቀው ፍጥነት አልመጣም።

አጥንት ውስጥ የተቀበረው ኦስቲዮሳይት ደሙን በምን ይደርሰዋል?

የተቀበረ ቢሆንም አልተቆለፈበትም። ከእያንዳንዱ ኦስቲዮሳይት በጣም ቀጫጭን ክንዶች ይወጣሉ፤ በአጥንቱ ውስጥ ባሉ ጠባብ ቦዮች አልፈው ከሌሎቹ ጋር፣ ከዚያም ገጹ ላይ ካሉት ጋር ይገናኛሉ። የሚያመነጨውም ነገር በእነዚሁ ቦዮች ይወጣል።

በ2013 የታተሙ የአይጥ ጥናቶች አቅሙን አሳይተዋል። አንዱ ጥናት በኦስቲዮሳይት ውስጥ አንድ የመልእክት ፕሮቲን ሲያጠፋ የኒውትሮፊል ብዛት ከልክ አለፈ፤ ምክንያቱ ጂ-ሲኤስኤፍ የሚባለው አነቃቂ መብዛቱ ነበር። ሌላው ኦስቲዮሳይቶችን ሲገድል ሊምፎሳይቶች ቀነሱ።

አጥንት የሚበላው ኦስቲዮክላስት ባይሠራስ? አጥንት ቢጠነክር ጥሩ አይደል?

አይደለም፤ ይህን የሚያሳይ በሽታ አለ። ኦስቲዮፔትሮሲስ ይባላል። በ1904 ጀርመናዊው የራጅ ሐኪም ሃይንሪክ አልበርስ-ሾንበርግ ናቸው መጀመሪያ የገለጹት። ኦስቲዮክላስት ስለማይበላ አጥንቱ እየተደራረበ ይወፍራል። ራጁ ላይ አጥንቱ ነጭ በነጭ ነው፤ ውስጡ መቅኔ ሊኖርበት የሚገባው ጥቁሩ ክፍል አይታይም። ወፍራም ነው ግን ተሰባሪ ነው።

ከባዱ ዓይነት በሕፃንነት ይጀምራል። መቅኔው ቦታ ያጣል። ደም ማነስ ይመጣል፣ ፕላትሌት ይቀንሳል፣ ኢንፌክሽን ይደጋገማል። ጉበትና ጣፊያ ደም ለመሥራት ሲሉ ያብጣሉ። በራስ ቅል ያሉት የነርቭ ቀዳዳዎች ስለሚጠቡ ዓይን ሊጠፋ ይችላል።

በ1980 አሜሪካ ውስጥ አንዲት የ5 ወር ሕፃን ከወንድሟ መቅኔ ተተከለላትና በሽታው ተሻላት። ከዚያ ሐኪሞቹ አጥንቷን ሲመረምሩ ኦስቲዮክላስቶቿ የወንድ ሆነው ተገኙ፤ ኦስቲዮብላስቶቿ ግን የራሷ ነበሩ። ያዙልኝ ያልኳት ነጥብ እዚህ ገባች። ኦስቲዮክላስት የደም ልጅ ስለሆነ መቅኔ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

በጣም ጥቂት ሕፃናት ላይ ግን ንቅለ ተከላው አይሠራም። እነሱ ጉድለታቸው ራንክ-ኤል የሚባለው ፕሮቲን ላይ ነው። ኦስቲዮክላስት እንዲፈጠር ትእዛዙን የሚሰጠው ይህ ፕሮቲን ነው፤ የሚያመነጩት በዋናነት የኦስቲዮብላስት ወገን የሆኑት ሴሎች ናቸው። እነሱ ደግሞ በመቅኔ ንቅለ ተከላ አይተኩም። አዲስ ደም ቢገባም አዛዡ የድሮው ነው።

ከባዱ ዓይነት የሚወረሰው ልጁ ከሁለቱም ወላጆች ጉድለት ያለበት ጂን ሲደርሰው ነው። ስለዚህ ዘመዳሞች በሚጋቡበት ቦታ ይበዛል። በአገራችን ብዙ ቦታ እስከ ሰባት ቤት መቁጠሩ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

የአጥንት ሴል ችግር የደም ካንሰር ያመጣል?

በአይጥ፣ አዎ። በ2010 ኦስቲዮብላስት ሊሆኑ ከሚሄዱት ጀማሪ ሴሎች ዳይሰር የሚባል ጂን ሲጠፋ የአይጦቹ ደም አፈጣጠር ተዛባ፤ ጥቂቶቹም ሉኪሚያ ያዛቸው። ጂኑ የጠፋው ከአጥንት ወገን ነው፣ የታመመው ግን ደሙ ነው። በ2014 ሌላ ጥናት ኦስቲዮብላስት ውስጥ ቤታ-ካቴኒን የሚባለውን ፕሮቲን ከልክ በላይ ሲያነቃ ተመሳሳይ ነገር አየ። ሰው ላይ ይህን ያህል ቀጥ ያለ ነገር የለም። «አጥንቴ ስለሳሳ ሉኪሚያ ይይዘኛል» ብሎ መፍራት አያስፈልግም።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው ግን በሰው በደንብ የታወቀ ነው። መልቲፕል ማይሎማ ከነጭ ሴል የሚነሳ የመቅኔ ካንሰር ነው። ካንሰሩ ዲኬኬ 1 የሚባል ፕሮቲን እያመነጨ ኦስቲዮብላስትን ያስቆማል፣ ኦስቲዮክላስትን ደግሞ ያነሳሳል። አጥንቱ ላይ ቀዳዳ ይወጣል፤ የሚሞላው የለም። ዕድሜው የገፋ ሰው የማይለቅ የወገብ ሕመም ከደም ማነስ ጋር ከመጣበት «እርጅና ነው» ብሎ ከማለፍ መታየት ይሻላል።

ስቴም ሴል ለመለገስ መርፌ ስወጋ አጥንቴን ለምን ያመኛል?

መርፌው ጂ-ሲኤስኤፍ ነው፤ ፊልግራስቲም በሚል ስም ይታወቃል። ከመለገሱ በፊት ለ4 ወይም 5 ቀን ይሰጣል። መቅኔው ውስጥ ነጭ ሴል በፍጥነት ይበዛል፤ የኦስቲዮብላስት ሥራ ይቀንሳል፤ ሲኤክስሲኤል 12 ይወርዳል። ስቴም ሴሎች መያዣቸው ሲላላ ወደ ደም ይወጣሉና ከክንድ ደም ሥር በማሽን ይለቀማሉ። ዳሌ፣ ወገብና ደረት ላይ የሚሰማው ሕመም በዚህ ሰሞን የሚጠበቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በፓራሲታሞል ይታገሱታል። መርፌው ሲቆም በቀናት ውስጥ ይለቃል። ስቴም ሴሎቹ በበቂ ካልወጡ ፕሌሪክሳፎር የሚባል መድኃኒት አለ። የሲኤክስሲኤል 12ን መቀበያ ይዘጋል። አሜሪካ በ2008 ፈቅዳዋለች፤ የሚሰጠው ግን ለራሳቸው ስቴም ሴል ለሚሰበሰብላቸው ታካሚዎች ነው።

ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ላክል። የለጋሽና የተቀባይ መገጣጠም ከዘር ሐረግ ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የለጋሾች መዝገብ፣ ጥቁር የሆነ ታካሚ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 29 በመቶ ነው፤ ነጭ ከሆነ 79 በመቶ። ምዝገባው ጉንጭ ውስጥ በጥጥ መጥረግ ብቻ ነው።

ደም ማነስ አለብኝ። አጥንቴ ደክሞ ነው?

ምናልባት አይደለም። አብዛኛው ደም ማነስ የሚመጣው ከብረት እጥረት፣ ከወር አበባ ብዛት፣ ከእርግዝና፣ ከወባ፣ ከሆድ ትላትል፣ ከቢ 12 ወይም ከፎሌት እጥረት፣ አልያም ከኩላሊት በሽታ ነው። ቀይ ሴል እንዲበዛ ዋናውን ትእዛዝ የሚሰጠው ኤሪትሮፖይቲን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ እሱን የሚሠራው ኩላሊት ነው። አጥንት የሚገባው ከትእዛዙ በኋላ፣ በሥራው ቦታ ላይ ነው።

ስለ ትእዛዙ ካነሳን አይቀር፣ ስለ ሰሜን ተራሮች ሰው ልንገራችሁ። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ስለሚያንስ የብዙ አገር ደጋ ሰው ሄሞግሎቢኑ፣ ማለትም በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ይጨምራል። በ2002 የታተመ ጥናት ግን በአምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ አገኘው። የደቡብ አሜሪካዎቹ የአንዲስ ተራራ ሰዎች እንዲህ አይደሉም።

ቅልጥም መብላት ደም ይጨምራል?

ይህ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። ቅልጥም ሰብራችሁ ስታራግፉ የሚወጣውን እዩት። ነጣ፣ ቢጫ ያለ፣ ጣት ላይ የሚቀልጥ ነው። ያደገ ከብት እግር አጥንት መቅኔ ከሞላ ጎደል ስብ ነው፤ ያ ቦታ ደም መሥራት ካቆመ ቆይቷል። የዚያኑ ከብት ጎድን ብትሰነጥቁ ግን ውስጡ ቀላ ያለ ታገኛላችሁ።

ቀዩንም ብትበሉ ሴሎቹ ሆድ ውስጥ ይፈጫሉ እንጂ መቅኔያችሁ ውስጥ አይገቡም። ደስ ካላችሁ ብሉት፣ ይጣፍጣል። ብረት ከፈለጋችሁ ግን ጉበት ያለበት ዱለት ይሻላል፤ በደንብ ከበሰለ ደግሞ የተሻለ።

ዕድሜ ሲገፋ ምን ይለወጣል?

መቅኔው ውስጥ ስብ ይበዛል፣ አጥንት ይሳሳል። ሊምፎሳይት መሥራቱ ይቀንሳል። ቅድም እንዳልኩት ስቡም አጥንቱም ከአንድ እናት ሴል ስለሚወለዱ፣ አንዱ ሲበዛ ሌላው ማነሱ አይገርምም።

የመቅኔ ናሙና ማይክሮስኮፕ ስር ምን ይመስላል?

በወፍራም መርፌ የሚወጣው ቁራጭ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር የሚረዝም ቀጭን ነገር ነው። ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ ሲታይ ሮዝ ዘንጎች ይታያሉ፤ አጥንቱ ነው። በመካከላቸው ባዶ የሚመስሉ ክቦች አሉ፤ ስብ ናቸው። የቀረው በሐምራዊ ነጠብጣብ የተሞላ ነው፤ ደም ሠሪው።

አሁን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጤነኛ መቅኔ ላይ ሴሎቹ ዝም ብለው አልተበተኑም። ገና ጀማሪ የሆኑት የነጭ ሴል ወገኖች በአጥንቱ ዘንግ ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል። እየበሰሉ ሲሄዱ ከአጥንቱ ይርቃሉ። የጀማሪ ቀይ ሴል ስብስቦችና ፕላትሌት የሚያወጡት ግዙፍ ሴሎች መሃሉን ይዘዋል። ፓቶሎጂስት ይህን አሰላለፍ ያነባል። ጀማሪዎቹ ጠርዙን ለቀው መሃል ላይ ተሰብስበው ከተገኙ፣ ማይሎዲስፕላዢያ የሚባለውን የመቅኔ በሽታ ሊጠረጥር ይችላል።

አገር ቤት የመቅኔ ናሙና ከሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች አንዱ ካላዛር ነው። በሽታው በሁመራና በመተማ ቆላ በደንብ ይታወቃል። ጥገኛ ተውሳኩ መቅኔ ውስጥ ባሉ ሴሎች ውስጥ ተሸጉጦ ይገኛል። ከጣፊያ የሚወሰድ ናሙና ይበልጥ ያሳያል፤ ግን የመድማት ስጋት አለበት፣ ስለዚህ መቅኔው ይመረጣል።

ናሙናው ሲወሰድ ሽባ ያደርጋል የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ሰዎች ከወገብ ፈሳሽ ምርመራ ጋር ስለሚያምታቱት ነው። የመቅኔ ናሙና አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ከዳሌ አጥንት ከኋላ በኩል ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሕብለ ሰረሰር የለም። ቆዳውና የአጥንቱ ሽፋን ይደነዝዛል። መቅኔው በሲሪንጅ ሲሳብ ለጥቂት ሰከንድ ወደ እግር የሚወርድ ውጋት ይሰማል፤ እሱን ማደንዘዣው ብዙም አያስቀረውም። ከዚያ ቦታው ታሽጎ ጥቂት ተኝታችሁ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ። ፋሻውን ለአንድ ቀን አታርጥቡት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከምርመራው በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። ደም ካልቆመ፣ ቦታው ካበጠ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቶሎ ተመለሱ።